ከዱካ ወደ ቁመት

ሌሊት ሌባ ገብቶበት ካደረ ቤት መስኮት ሥር፣ ዝናብ ባራሰው አፈር ላይ አንድ የባዶ እግር አሻራ ቀርቷል እንበል። የፎረንሲክ ባለሙያው ቦታው ሲደርስ ሜትሩን አውጥቶ ለመለካት አይቸኩልም። መጀመሪያ ከአሻራው ጎን ማስመሪያ ያስቀምጥና ካሜራውን ከላይ ቀጥ አድርጎ ፎቶ ያነሳል፤ ካሜራው ትንሽ ካዘመመ ርዝመቱ በፎቶው ላይ ይዛባልና። ቀጥሎ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ጠንካራ ጄሶ በውሃ በጥብጦ፣ የአሻራው ጠርዝ እንዳይናድ ቀስ እያለ ያፈስበታል። ጄሶው ሲጠነክር ተነሥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። እዚያ ከሚጠየቁት ጥያቄዎች አንዱ የአሻራው ባለቤት ቁመት ስንት ነው የሚለው ነው።

ረጅም ሰው እግሩም ረጅም እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ይህንን በቁጥር ካስቀመጡት ቀደምት ሰዎች አንዱ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ አንትሮፖሎጂስት ፖል ቶፒናር ነው፤ የእግር ርዝመት የቁመት 15 በመቶ ያህል ነው አለ። በዚህ ስሌት አሻራው 25 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 25ን ለ0.15 ስናካፍል 167 ሴንቲሜትር ገደማ ይወጣል። ይሁንና 15 በመቶ አማካይ ነው። የአንዱ ሰው እግር የቁመቱ 14.5 በመቶ፣ የሌላው ደግሞ 15.5 በመቶ ቢሆንስ? ያው 25 ሴንቲሜትር አሻራ ለመጀመሪያው 172፣ ለሁለተኛው 161 ሴንቲሜትር ቁመት ይሰጣል። በመካከላቸው 11 ሴንቲሜትር አለ። ለፖሊስ ይህ በሁለት ተጠርጣሪዎች መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ስለዚህ የዛሬ ባለሙያዎች በአንድ መቶኛ ብቻ አይተማመኑም። የብዙ ሰዎችን ቁመትና የእግር አሻራ ይለኩና ሁለቱ የሚዛመዱበትን ቀመር ያወጣሉ፤ የአሻራው ርዝመት በአንድ ቁጥር ይባዛል፣ በላዩ ሌላ ቋሚ ቁጥር ይደመራል፣ ውጤቱ ወዲህና ወዲያ ስንት ሴንቲሜትር ሊስት እንደሚችልም አብሮ ይጻፋል። ህንዳዊው ተመራማሪ ኬዋል ክሪሻን እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው ጥናት ጥሩ ምሳሌ ነው። በሰሜን ህንድ የሚኖሩ ከ1,000 በላይ የጉጃር ወንዶችን አሻራ ወሰደ፤ ርዝመቱንም ከተረከዝ ጫፍ እስከ እያንዳንዱ ጣት ጫፍ፣ በግራም በቀኝም ለየብቻ ለካ። ይህ ድካም ያለምክንያት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ከአውራ ጣቱ ይልቅ ሁለተኛው ጣቱ ይረዝማል፤ የብዙ ሰው ግራና ቀኝ እግርም እኩል አይደለም። ከዚህ ጥናት የወጣው ቀመር ግን የጉጃር ወንዶች ቀመር ነው። ለሴት፣ ለልጅ ወይም ለሌላ ሕዝብ እንዳለ ቢወሰድ ስህተቱ ይሰፋል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን አሻራ ራሱ እግር አለመሆኑ ነው። ተረከዝም የጣት ጫፍም ክብ ስለሆኑ ጠንካራ ወለል ላይ ዳር ዳራቸው መሬት አይነካም፤ በዚህ የተነሳ አሻራው ከእግሩ ያጥራል። ጭቃ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እግር ሲንሸራተት አሻራው ይረዝማል። ደረቅ አሸዋ ላይ ጠርዙ ተመልሶ ይናዳል። የሮጠ ሰው የእግሩን የፊት ክፍል ብቻ ትቶ ሊያልፍ ይችላል። ቆሞ የነበረና ሲራመድ የነበረ ሰው አሻራም አንድ አይደለም። ጫማ ካለማ ሌላ ግምት ይጨመራል፤ የጫማ ሶል ከእግር ይረዝማል፣ በምን ያህል እንደሚረዝም ደግሞ እንደ አሠራሩ ይለያያል። ቁመትም ቢሆን ቋሚ አይደለም፤ ሰው ጠዋት ከሚለካው ማታ ሲለካ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ያጥራል።

ይኸው ዘዴ ከፖሊስ ሥራ ውጭ እጅግ ሩቅ ዘመን ድረስ ሄዷል። ታንዛኒያ ውስጥ ላኤቶሊ በሚባል ስፍራ የሜሪ ሊኪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1978 ያገኘው ዱካ 3.66 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው፤ ዝናብ በነካው የእሳተ ገሞራ አመድ ላይ ታትሞ የደረቀ ነው። እዚያው አካባቢ በኋላ የተገኘና እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ሌላ ዱካ 26 ሴንቲሜትር ገደማ ይረዝማል። በቶፒናር 15 በመቶ ብናሰላው ባለቤቱ 173 ሴንቲሜትር ይሆናል። ተመራማሪዎቹ ግን የዚያን ፍጡር የሰውነት ምጣኔ መሠረት አድርገው ወደ 165 ሴንቲሜትር ገመቱት። አሻራዎቹ የእኛዋ ድንቅነሽ የምትመደብበት የአውስትራሎፒተከስ አፋረንሲስ ዝርያ ናቸው ተብሎ ይታመናል፤ እሷ ግን ቁመቷ 1.1 ሜትር ገደማ ብቻ ነበር። በአንድ ዝርያ ውስጥ ይህን ያህል የቁመት ልዩነት መታየቱ ሳይንቲስቶችን አነጋግሯል።

ፍርድ ቤት ውስጥ ይህ ዕውቀት ልኩን ማወቅ አለበት። አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሉዊዝ ሮቢንስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከጫማ አሻራ ተነሥታ ግለሰቡን ለይቼ አውቃለሁ እያለች ትመሰክር ነበር፤ የሙያ ባልደረቦቿ በኋላ ዘዴዋ ሳይንሳዊ መሠረት የለውም ብለው ውድቅ አድርገውታል። በእንዲህ ያለ ምስክርነት ንጹሕ ሰው ወህኒ ሊወርድ ይችላል። ከአሻራ የሚገመት ቁመት «ይህ ሰው ነው» አያሰኝም። «ይህ ሰው ሊሆን አይችልም» ለማለት ግን ይጠቅማል፤ አሻራው ከ160 እስከ 172 ሴንቲሜትር የሚያመለክት ከሆነ 190 ሴንቲሜትር የሚሆነውን ተጠርጣሪ መጠርጠሩን ለመቀጠል ሌላ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል። ለእኔ የዘዴው ትልቁ ዋጋ እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን አሻራው ከተረፈ ነው። እኛ ዘንድ ሌባ ገባ ሲባል ጎረቤት ሁሉ ለመርዳት ግር ብሎ ይመጣና ግቢው ይረጋገጣል። እንዲህ ያለ ነገር ቢገጥምዎ ሰዉን ከመስኮቱና ከበሩ አካባቢ ያርቁ፤ አሻራ ካዩ ሳይነኩት ሳፋ ወይም ሌላ ጎድጓዳ ዕቃ ይድፉበትና ፖሊስ እስኪደርስ ይጠብቁ።