የኔትወርክ ድራይቨሮች የማኅደረ ትውስታ ጉድለትና እርማቱ

አንድ ኮምፒዩተር ከሌላው ጋር መልእክት የሚለዋወጠው በኔትወርክ ካርድ አማካይነት ነው። ይህን ካርድ የሚያዘውና ከስርዓተ ክወናው ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። ድራይቨሩ አብዛኛውን ጊዜ የኮምፒዩተሩን ማኅደረ ትውስታ በሰፊው ለመጠቀም ሥልጣን የተሰጠው በመሆኑ፣ በውስጡ የሚገኝ ስሕተት ከተራ ፕሮግራም ስሕተት የበለጠ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ የሆነውና ኤተርሊክ የሚል ስያሜ የተሰጠው ጉድለት ይህን በግልጽ ያስረዳል።

በኤተርኔት ደንብ መሠረት በአንድ ጥቅል የሚላክ መልእክት ከ46 ባይት ማነስ የለበትም፤ ካነሰ ጎደሎው በመሙያ ይሟላል። ለምሳሌ የግንኙነት መኖር የሚፈተንበት የፒንግ መልእክት፣ ተጨማሪ መረጃ ካልያዘ 28 ባይት ብቻ ስለሚሆን፣ 18 ባይት መሙያ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ መሙያው ዜሮ እንዲሆን አመልክቷል። ይሁን እንጂ ብዙ ድራይቨሮች ዜሮውን ሳይጽፉ የጥቅሉን ርዝመት ብቻ ከፍ አድርገው ለካርዱ ያስረክቡ ነበር። ካርዱም የታዘዘውን ርዝመት ለማሟላት፣ ከመልእክቱ ቀጥሎ በማኅደረ ትውስታው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ አንብቦ ይልካል።

በዚህም ምክንያት ቀደም ሲል የተላለፈ የሌላ ሰው መልእክት ቁራጭ፣ ምናልባትም የይለፍ ቃል፣ በጥቅሉ ጭራ ተያይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። መሙያው ከአካባቢው ኔትወርክ ስለማያልፍ፣ አደጋው የሚያሰጋው በአንድ ኔትወርክ የተያያዙትን፣ ይኸውም በአንድ የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት የሚገኙትን ነው። 18 ባይት በቁጥር ጥቂት ቢመስልም፣ አጭሩን ጥያቄ ደጋግሞ የሚልክ ሰው ከየመልሱ ልዩ ልዩ ቁራጭ ሊሰበስብ ይችላል።

እርማቱ መሙያውን በዜሮ መጻፍ ነው። ሆኖም ከመልእክቱ በኋላ በቂ ባዶ ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥ ዜሮ ቢጻፍ፣ በዚያ ቦታ የሚገኝ ሌላ መረጃ ይደመሰሳል፤ አንዱ ጉድለት በሌላ ይተካል ማለት ነው። ስለዚህ በሊነክስ ቦታውን አስቀድሞ የሚመረምር፣ ካልበቃም መልእክቱን ወደ ሰፊ ቦታ የሚገለብጥ አንድ የጋራ ንዑስ ፕሮግራም ተዘጋጅቶ ድራይቨሮቹ እንዲጠሩት ተደረገ።

ጉድለቱ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ የቆየው፣ ተቀባዩ መሙያውን ስለማያነበውና መልእክቱም በትክክል ይደርስ ስለነበረ ነው። ስለሆነም የፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ተማሪዎቻቸው ሥራው መከናወኑን ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋር ምን አብሮ እንደወጣ ጭምር እንዲመረምሩ ማለማመድ ይገባቸዋል።