ሰው እየኖረበት የሚታደስ ቤት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ጭቃ ቤት የሚታደሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤተሰቡ ሳይወጣ ነው። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚከራይ ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ቢገኝም ለኪራይ የሚወጣው ገንዘብ ለቆርቆሮና ለሲሚንቶ የተያዘው ነው። ስለዚህ አልጋው፣ ቡፌውና ልጆቹ ከአሸዋ ክምር ጋር አብረው ይከርማሉ። ኑሮው የሚከፋውም የሚቻለውም በሥራው ቅደም ተከተል ነው። ሁሉም ክፍል በአንድ ጊዜ ከፈረሰ ቤተሰቡ መግቢያ ያጣል፤ አንዱ አልቆ ሰው ሲገባበት ሌላው ከተነካ ግን ሥራው ቢረዝምም ኑሮው አይቋረጥም። ግንበኞች ግን በአንድ ጊዜ አፍርሰው በአንድ ጊዜ መምረግ ስለሚቀላቸው፣ ክፍል በክፍል ለመሥራት የሚደረገው ስምምነት ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ማለቅ አለበት።

የጭቃ ቤት ጉዳት በብዛት የሚጀምረው ከታች ነው። ግድግዳውን የሚሸከሙት የባሕር ዛፍ ቋሚዎች መሬት ውስጥ የተቀበረው ጫፋቸው በእርጥበት ይበሰብሳል፣ በምስጥ ይበላል፤ ግድግዳው ሲያዘነብል በሩ አልዘጋ ይላል። ጥገናው ጣሪያውን በድጋፍ እንጨት አስይዞ፣ የበሰበሰውን ቆርጦ አውጥቶ፣ ቋሚውን በድንጋይ መሠረት ላይ ማሳረፍ ነው። ድጋፉ እስኪነሣ ድረስ በዚያ ክፍል ማንም ማደር የለበትም። ይህ ሥራና የጣሪያው ቆርቆሮ መቀየር ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ቢሆንና ከየካቲት በፊት ቢያልቅ ይመረጣል፤ በየካቲትና በመጋቢት የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላልና። ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ለቀናት ይቦካል። የመጀመሪያው ምርግ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ ስንጥቁን ሁለተኛው ይደፍነዋል። ጭቃው ውስጡ ሳይደርቅ የሲሚንቶ ልስን ከተለጠፈበት ግን ጥቂት ቆይቶ እየተላቀቀ ይወድቃል፤ የደረቀ ቢሆንም ሲሚንቶው ጭቃ ላይ እንዲይዝ ሽቦ ወንፊት ቢመታበት ይሻላል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው አቧራው ነው። የአቡጀዲ ኮርኒስ ሲወርድ የብዙ ዓመት ጥላሸት፣ አፈርና የአይጥ ኩስ አብሮ ይወርዳል። ኋላ ደግሞ ስቱኮ በብርጭቆ ወረቀት ሲፋቅ የሚነሣው ብናኝ ከዚያም ይልቃል፤ በቁልፍ ቀዳዳ ሳይቀር ይገባል። አሸዋና ሲሚንቶ በደረቁ ሲጠረጉ የሚነሣው ደቃቅ ብናኝ ሳንባ ይጎዳል፤ ስለዚህ ወለሉ ሁልጊዜ ውኃ ተረጭቶበት ይጠረጋል። የተቦካ ሲሚንቶም ቆዳ ያቃጥላልና ልጆች በባዶ እግራቸው እንዳይረግጡት መጠበቅ ያሻል። የአሮጌ ዘይት ቀለም ጉዳይ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነችው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ብዙ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል። እርሳስ የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። እንዲህ ያለ ቀለም በደረቁ ከሚፋቅ ይልቅ በውኃ እየረጠበ ቢፋቅ፣ ፍቅፋቂውም ወዲያው ተለቅሞ ቢጣል ይሻላል። ለዚህ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ንጹሕ ክፍል ማትረፍ ነው፦ በሩ ላይ ላስቲክ የተሰቀለበት፣ ሠራተኛ የማያልፍበት፣ መኝታና ልብስ የሚቀመጥበት። ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ካለ ግን ላስቲክ አይበቃም፤ ኮርኒሱ በሚወርድበትና ስቱኮው በሚፋቅበት ሰሞን ዘመድ ቤት መሰንበት ይኖርበታል።

ማዕድ ቤቱ ሲፈርስ አደጋው ይለወጣል። ብዙ ቤተሰብ ለጊዜው ከሰል ምድጃውን ወደ መኝታ ክፍል ያስገባል፤ አቧራ እንዳይገባ ደግሞ መስኮትና በሩን ይደፍናል። የከሰል ጭስ ሲጠፋ አደጋው የጠፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ከሰል በረንዳ ላይ ወይም በግቢ ዳስ ሥር ይቀጣጠል፤ ብርድ ቢሆንም ፍሙ ማታ ክፍል ውስጥ አይደር። የኤሌክትሪክ ምጣድም የራሱ ችግር አለው። ምጣዱ 3,500 ዋት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስለሚስብ፣ ለመብራትና ለስልክ ቻርጅ በተዘረጋ ቀጭን ማከፋፈያ ገመድ ላይ ሲሰካ ገመዱ ግሎ ይቀልጣል፤ ዙሪያው ደግሞ እንጨትና ላስቲክ ነው። እድሳቱ ሲጀመር ኤሌክትሪሺያኑ ከቆጣሪው በወፍራም ሽቦ ለምጣዱ ብቻ አንድ መስመር ቢያወጣ ወጪው ከሚያድነው ጋር አይወዳደርም። ይህ ካልተቻለ እንጀራ እየገዙ መክረም ይበጃል።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ግንበኛውና ቤተሰቡ ከአንድ ሮቶ ይቀዳሉ። አዲስ ሊሾ እንዳይሰነጠቅ ለሰባት ቀን ያህል እየረጠበ ይቆያልና የመጠጡና የሥራው ውኃ በተለያየ በርሜል ቢሆን ጠብ አይነሣም። ግቢ ውስጥ ያለው አሮጌ መጸዳጃም አዲሱ ውኃ ይዞ እስኪሞከር ድረስ አይፈርስም።

ሥራውን ከሁሉ የሚያበላሸው ችኮላ ነው። እድሳት ብዙውን ጊዜ ለሠርግ ወይም ለበዓል ይደርሳል ተብሎ ይጀመራል። በዓሉ ሲቃረብ ግን ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ አገር ቤት ይሄዳሉ፤ የቀሩት እርጥብ ልስን ላይ ቀለም ይቀባሉ። እርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙ ያብጣል፣ ይላጣል፤ ጥጉም ይሻግታል። ልስኑ መድረቁን ለማወቅ አንድ ቁራጭ ላስቲክ ግድግዳው ላይ በፕላስተር ዙሪያውን አጣብቆ ማሳደር በቂ ነው። ጠዋት ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጤዛ ከያዘ ቀለም ቀቢው ሌላ ቀን ይጠራ፤ እንግዶቹም ቀለም ያልተቀባ ግድግዳ ባለበት ሳሎን ይስተናገዱ።