የናፍታ ማጣሪያ ከተቀየረ በኋላ የሚታይ የሚኒሞ ለውጥ፦ መንስኤውና የምርመራው ቅደም ተከተል በዱርቤቴ አካባቢ ለሚሠሩ አነስተኛ ትራክተሮች

መግቢያ

ዱርቤቴ ከባሕር ዳር በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የደቡብ አቸፈር ወረዳ ከተማ ናት። አካባቢው በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ የሚመረትበት ሲሆን፣ የበቆሎው ማሳ ዝናቡ እንደጣለ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታርሶ መዘራት አለበት። በ2011 ዓ.ም. የግብርና መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፈቀዱ ትራክተርን ለገበሬው ለማቅረብ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ነው። አንድ ትራክተር በኪራይ የብዙ ገበሬዎችን ማሳ ስለሚያርስ፣ በእርሻ ወቅት ቢቆም ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ አያበቃም።

ትራክተርን ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ከሚያስወጡት ነገሮች አንዱ ከተራ ጥገና በኋላ የሚደረግ የተሳሳተ ምርመራ ነው። የናፍታ ማጣሪያው (ፊልትሮው) ተቀይሮ ሞተሩ ሲነሣ፣ መካኒኮች ሚኒሞ የሚሉት ጭነት አልባ ዝቅተኛ ዙር ከፍ ዝቅ ሊል፣ ሞተሩ እስኪጠፋ ሊወርድ፣ አልፎ አልፎም ከቀድሞው ከፍ ብሎ ሊቀር ይችላል። በዚህ ጊዜ ቶሎ የሚታሰበው የሚኒሞውን ብሎን ማዞር ነው። ይህ ጽሑፍ ብሎኑ በምርመራው መጨረሻ እንጂ በመጀመሪያ ሊነካ የማይገባው ለምን እንደሆነ ያስረዳል።

ሚኒሞን የሚወስነው

በሜካኒካዊ የናፍታ ፓምፕ በሚሠራ ሞተር ላይ ሚኒሞን የሚጠብቀው ገቨርነር ነው። ዙሩ ሲወርድ የገቨርነሩ ስፕሪንግ ነዳጅ ያስጨምራል፤ ዙሩ ሲወጣ የሚሽከረከሩት ክብደቶች ወደ ውጭ ተገፍተው ነዳጁን ያስቀንሳሉ። ስለዚህ ፓምፑ በቂና አየር አልባ ናፍታ እስካገኘ ድረስ፣ የማጣሪያው አዲስ ወይም አሮጌ መሆን ብቻውን ሚኒሞን ብዙ አይለውጥም። ከዚህ የሚለዩት ገቨርነራቸው በውስጣዊ የነዳጅ ግፊት የሚሠራ አንዳንድ ሮታሪ ፓምፖች ናቸው፤ በእነዚህ ላይ ከማጣሪያው በኋላ ያለው ግፊት ሲለወጥ ዙሩም አብሮ ሊለወጥ ይችላል።

የአንዲት አረፋ ክብደት

ለአብነት ባለ ሦስት ሲሊንደርና ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 850 ዙር እየዞረ በሰዓት 0.6 ሊትር ናፍታ ያቃጥላል ቢባል፣ በሰዓት 76,500 ጊዜ ነዳጅ ይረጫል። በእያንዳንዱ ርጭት የሚደርሰው 8 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ስፋቷ 2 ሚሊ ሜትር የሆነች የአየር አረፋ ደግሞ 4 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ያህል ትይዛለች። አየር ከናፍታ እጅግ በቀላሉ ስለሚታመቅ፣ ፓምፑ አረፋዋን ሲያገኝ የምቱን ግማሽ ያህል እርሷን በማመቅ ይጨርሰዋል። ያ ሲሊንደር ኃይል ያጣል፤ ገቨርነሩ ጉድለቱን ለመሙላት ነዳጅ ይጨምራል፤ አረፋዋ ስታልፍ ደግሞ ይቀንሳል። ከፍ ዝቅ የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ያው ሞተር በሙሉ ጭነት በደቂቃ 2,500 ዙር እየዞረ በሰዓት 6 ሊትር ቢያቃጥል፣ የአንዱ ርጭት መጠን ወደ 27 ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ስለሚያድግ ያችው አረፋ የምትወስደው ከስድስት እጅ አንዱን ብቻ ነው። የተደፈነ ማጣሪያ ግን በተቃራኒው ነው፤ በሚኒሞ የሚፈለገው ነዳጅ ጥቂት ስለሆነ ሊያሳልፈው ይችላል፣ በሙሉ ጭነት ጊዜ ግን ሞተሩን ያስርበዋል። ትርፍ ነዳጅ ወደ ታንኩ በሚመለስበት ሥርዓት ልዩነቱ ይጠባል እንጂ አቅጣጫው አይለወጥም። በመሆኑም በማረሻ ላይ ኃይል ማጣት ወደ መደፈን፣ በሚኒሞ መዋዠቅ ወደ አየር ያመለክታል።

ከፍታውም የራሱ ድርሻ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በአካባቢው የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ያው የአየር መጠን አንድ አራተኛ ያህል ሰፋ ያለ ቦታ ይይዛል፤ ናፍታን ከታች ስቦ ለሚያወጣ ፓምፕም የሚተርፈው አቅም ይቀንሳል።

አየሩ የገባበት

ከአቀባዩ ፓምፕ በኋላ ያለ ስንጥቅ ሞተሩ ሲሠራ ናፍታ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ይታያል። ከፓምፑ በፊት ያለው ግን ምንም ሳያንጠባጥብ አየር ይስባል። ማጣሪያ ሲቀየር በብዛት የሚፈጠሩት ስሕተቶች አሮጌው የጎማ ቀለበት ከመቀመጫው ላይ ተጣብቆ ሳለ አዲሱን መደረብ፣ የመዳብ ዋሸርን ሳይቀይሩ መልሶ ማሰርና ያረጀ ቱቦን መሰንጠቅ ናቸው። ከማጣሪያው ወደ ፓምፑ በሚሄደው መስመር ላይ ለጊዜው ብርሃን አሳላፊ ቱቦ ማስገባት ጥርጣሬውን ይፈታል። አረፋው በደቂቃዎች ውስጥ ካለቀ በሥራው ጊዜ የቀረ አየር ነበር፤ ካላቋረጠ ግን የሚስብ ቀዳዳ አለ።

ከፍ ብሎ የሚቀር ሚኒሞ

ሳይዋዥቅ ከፍ ብሎ የረጋ ሚኒሞ የተለየ ታሪክ አለው። አሮጌው ማጣሪያ በጣም ተደፍኖ ሞተሩ ሲዳከም አንድ ሰው ብሎኑን አዙሮ ከነበረ፣ ነዳጁ በአግባቡ ሲደርስ የተደበቀው ማስተካከያ ይገለጣል። በሥራው መካከል የነዳጅ መስጫው ገመድ ተስቦ ሊሆንም ይችላል። በተቃራኒው አየር ሳይወጣ ብሎኑ ከተዞረ፣ አየሩ ሲያልቅ ዙሩ ከልክ ያልፋል፤ ቀጣዩ መካኒክም ጤነኛውን ፓምፕ ጥፋተኛ አድርጎ ሊፈታው ይችላል።

ማጠቃለያ

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ከማጣሪያው መፈታት በፊት ይጀምራል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሚኒሞው በዙር መለኪያ ተለክቶ ይመዘገባል፤ ማጣሪያው ይቀየራል፤ አየሩ በማስወጫው ብሎን በኩል ይወጣል፤ ሞተሩ ሞቆ እንደገና ይለካል። ልዩነት ከቀረ ማኅተሞቹና ቱቦዎቹ፣ ቀጥሎ የነዳጅ መስጫው ገመድ ይፈተሻሉ። ብሎኑ የሚነካው ከእነዚህ ሁሉ በኋላ፣ በአምራቹ መመሪያ ልክ ነው። አዲሱ ማጣሪያ ቀድሞ የሚሞላ ከሆነም ከጀሪካን የተቀዳ ናፍታ በመካከለኛው ቀዳዳ መፍሰስ የለበትም፤ ያ ቀዳዳ የተጣራው ነዳጅ መውጫ ስለሆነ አቧራውና ውሃው በቀጥታ ወደ ፓምፑ ይሄዳሉ።

በዘርፉ ለሚደረግ የመስክ ጥናትም ትምህርቱ ተመሳሳይ ነው። ከጥገናው በፊት ያልተለካ ሚኒሞ ከጥገናው በኋላ ተለወጠ ለማለት ማስረጃ አይሆንም።