የአምቡሊ ጉድጓድና የጅቡቲ ወጣቶች

ከጅቡቲ ከተማ በስተደቡብ፥ አምቡሊ በሚባለው ደረቅ ወንዝ ዳርቻ፥ ከቀድሞ ዘመን ጀምሮ የቴምር ዛፎችና የአትክልት ቦታዎች ይገኛሉ። ወንዙ በአብዛኞቹ የዓመቱ ወራት ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው፤ ዳሩ ግን ድንገተኛ ጐርፍ በወረደ ጊዜ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. እንደ ደረሰው ሁሉ፥ የብዙ ሰው ሕይወት ያጠፋል። የአትክልተኛው ኑሮ የተመሠረተው በጐርፉ ሳይሆን ከምድር በታች በተጠራቀመው የጉድጓድ ውሃ ላይ ነው።

በከተማዪቱ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ 150 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ሕዝቡ ከሚመገበው አብዛኛው በመርከብ ከባሕር ማዶ፥ አትክልቱም በብዛት ከኢትዮጵያ የሚመጣ ነው። የመጠጡ ውሃ እንኳ ስላልበቃ፥ በ2017 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ምድር ከአዲጋላ በቧንቧ መምጣት ጀመረ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ በዶራሌ የባሕርን ውሃ ከጨው ለይቶ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያወጣ ፋብሪካ ተመረቀ።

የጉድጓድ ጠላቱ ጨው ነው። ከምድር በታች ያለው ጣፋጭ ውሃ ከባሕሩ ጋራ ጐን ለጐን የሚኖር በመሆኑ፥ ዝናቡ ከሚተካው በላይ በተቀዳ ቍጥር ባሕሩ ወደ ውስጥ እየገፋ ይገባል። ቴምር ጨውን ይታገሣል፤ ሽንኩርትና ባቄላ ግን አይችሉትም።

ዛሬ «ብልህ እርሻ» የሚባለው ጥበብ ለዚህ ችግር መድኃኒት ይዞ ቀርቧል። በቀጭን ቱቦ ውሃውን በጠብታ ለተክሉ ሥር ብቻ ይሰጣል፤ በአፈር ውስጥ የተቀበረ መለኪያም የእርጥበቱን መጠን በስልክ ያስታውቃል። ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ በራሱ ብልህ አይደለም። በናፍጣ የሚሠራው ፓምፕ የነዳጁ ዋጋ ልጓም ይሆንበታል፤ በፀሐይ ኃይል የሚሠራው ግን ወጪ ስለማይጠይቅ፥ መጠኑን የሚወስንለት ሰው ከሌለ ፀሐይ ከወጣች እስክትጠልቅ ሲቀዳ ይውላል። እንዲህም ሲሆን ጨውን የሚያፋጥነው እርሱ ራሱ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መሣሪያውን ማን ይግዛ ሳይሆን፥ የውሃውን ልክ ማን ይወስን የሚለው ነው። ስለ ወጣቶች በተነሣ ቍጥር «ይሠልጥኑ» ይባላል። ሥልጠናው መልካም ነው፤ ነገር ግን መሬትና የውሃ ድርሻ ለሌለው ሥልጡን ትምህርቱ ወረቀት ብቻ ሆኖ ይቀራል። የአርብቶ አደርና የወደብ ሠራተኛ ልጅ የሆነው የጅቡቲ ወጣት እርሻን ከአባቱ ባይወርስም፥ ስልኩንና ስሌቱን ከታላላቆቹ ይልቅ ያውቃል። ከአርባ ዓመት በኋላም ከዚያው ጉድጓድ የሚቀዳው ዛሬ ሃያ ዓመት የሞላው ነው።

የኢሳ ሶማሌዎች በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው «ሔር ኢሴ» የተባለው ሕጋቸው በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። ሽማግሌዎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው የሚመክሩበት ይህ ሥርዐት ለጉድጓዱም ቢውል ይበጃል። ወጣቱ የመለኪያውን ቍጥር ይዞ በዚያው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ታዝዞ የሚቀዳ ብቻ ሳይሆን መክሮ የሚወስን ይሁን። ውሃው አንድ ጊዜ ጨው ከሆነ በኋላ የሚደረግ ጉባኤ ለሽንኩርቱ አይደርስለትም።