ከአያት ጉልበት ወደ ክፍል ወንበር

በ2017 ዓ.ም. የነሐሴ ዝናብ ገና ሳያባራ፣ ልደታ ከሚገኙት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ የምንኖር ሰዎች ጧት ጧት የሚቀሰቅሰን የሕፃን ድምፅ ነበር። ጎረቤታችን የሆኑት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ተከናንበው በኮሪደሩ ጫፍ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ፤ የልጅ ልጃቸውም በጉልበታቸው መካከል ቆሞ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ ይጮኻል። ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው ዜማ፣ ከታች የሚያልፈው ባቡርና የዚህ ልጅ ፊደል ተደባልቀው ሲሰሙ፣ ወደ ቢሮ የሚቸኩለው ሁሉ ከደረጃው ላይ ቆም ብሎ ፈገግ ሳይል አያልፍም። ያን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ በወጣን በጥቂት ወራችን የነበርነው እኛም ከቆሙት አንዱ ነበርን።

ልጁ ስድስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ትምህርት ቤት ግን ረግጦ አያውቅም። ነገሩ የተጀመረው እሱ ገና አፉን ሳይፈታ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት በአገሪቱ ያሉት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከቤታቸው ሲውሉ፣ ሽማግሌው የልጁን ታላቅ እኅት ይዘው ማስነበብ ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶቹ በየደረጃው ሲከፈቱ እኅትየዋ ወደ ክፍሏ ተመለሰች፤ አያትየው ግን የማስተማርን ጣዕም ቀምሰው ነበርና ሊተዉት አልወደዱም። ታናሽየው አራት ዓመት ሲሞላው «እኔ እያለሁ ለአጸደ ሕፃናት ገንዘብ የሚከፈለው ለምንድን ነው?» አሉ። ምራታቸውም የወሩን ክፍያ አስባ ዝም አለች። ልጃቸው ሾፌር ስለሆነ ከቤት የሚገኘው በወር ጥቂት ቀን ነው።

የሽማግሌው ትምህርት እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። እሳቸው በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጠው የተማሩ ናቸው። መጀመሪያ ከሀ እስከ ፐ ያለውን ሠላሳ ሦስቱን ረድፍ፣ በሰባት በሰባት፣ በስንደዶ እየጠቆሙ ያስቆጥራሉ። ይህ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ካለቀ በኋላም ልጁ አወቀ ብለው አይለቁትም። ዜማውን ሸምድዶ ዐይኑን ጨፍኖ የሚወርድ ልጅ፣ ከመካከል «ጌ»ን ብቻ ነጥለው ቢያሳዩት፣ ከ«ገ» ካልተነሣ ሊደርስባት እንደማይችል ያውቃሉ። ስለዚህ ወደ አቡጊዳ ይወስዱታል። አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። እዚህ ላይ ፊደሉም ድምፁም በአንድ ጊዜ ስለሚለዋወጥ የለመደው ዜማ አያድነውም፤ እያንዳንዷን በመልኳ መለየት ግድ ይሆንበታል። እኛ በዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ ማስተማር ዘዴ ብዙ ገጽ አገላብጠናል፤ ይህን የአባቶች ብልሃት የሚያህል ፈተና ግን ብዙ አላጋጠመንም።

በሦስተኛው ፎቅ ደግሞ አንዲት የአጸደ ሕፃናት አስተማሪ ትኖራለች። በነሐሴ አጋማሽ የልጁ እናት የልደት ምስክር ወረቀቱንና የክትባት ካርዱን ይዛ ከምዝገባ ስትመለስ፣ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ተጠራ። ሽማግሌው ልጁን በሁላችንም ፊት አስነበቡት። አስተማሪዋ ልጁን አቅፋ ሳመችውና «አባባ፣ ንባቡስ ግሩም ነው፤ ሱሪውን ግን ራሱ ይቆልፋል?» ስትል ጠየቀች።

ሽማግሌው ነገሩን እንደ ስድብ ቆጠሩት። «ትምህርት ቤት የሚሄደው ሱሪ ሊቆልፍ ነው እንዴ?»

«ሽንት ቤት ሲሄድ ማን ይቆልፍለታል? እኛ ሁለት ነን፤ ልጆቹ አርባ ናቸው» አለች።

ከዚያ በኋላ ጥያቄው ተከታተለ። ውሃ ሲጠማው ምን ይላል? ምንም አይልም፤ ከንፈሩ ሲደርቅ አያቱ አይተው ይሰጡታል። ምሳ ዕቃውን ይከፍታል? ከፍቶ አያውቅም። እንጀራውንስ ራሱ ቆርሶ ይበላል? እዚህ ላይ ሁሉም ሳቀ፤ ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ የሚበላው እየጎረሰ ነበርና። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎች ከዚያው ከትምህርት ቤት ይመገባሉ፤ የሚያጎርስ እጅ ግን አብሮ አይቀርብም።

ነገር ግን ከሁሉ የሚበልጠውን አስተማሪዋ የተናገረችው መጨረሻ ላይ ነው። «ይህ ልጅ ተራ መጠበቅ አያውቅም» አለች።

እኛም ቆይተን ስናስበው እውነቷን ነው። በቄስ ትምህርት ቤት አንዱ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው መልእክተ ዮሐንስ ያነባል፤ ትልቁ ዳዊት ይደግማል፤ ሁሉም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሁሉም ድምፁን ከፍ አድርጎ። ፈጣኑ ዘገምተኛውን አይጠብቅም። በቤትማ ጭራሽ አስተማሪው አንድ፣ ተማሪው አንድ ስለሆነ፣ የሚጠየቀው ሁሉ የእሱ ነው። በክፍል ውስጥ ግን አርባ ልጅ የሚያየው አንድ ገጽ ነው። አንድ ጥያቄ ይጠየቃል፤ አንድ ልጅ ይመልሳል፤ ሠላሳ ዘጠኙ እያወቁም ዝም ይላሉ። እያወቁ ዝም ማለት ለስድስት ዓመት ልጅ ከአቡጊዳ የሚከብድ ትምህርት ይመስለናል። ለትልልቆችም ቢሆን ቀላል እንዳልሆነ በየስብሰባው የምናየው ነው።

ፍሮቤል የተባለው ጀርመናዊ በ1837 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጀመሪያውን የሕፃናት ማዋያ ሲከፍት፣ ያሰበው ልጆች አብረው እየተጫወቱ እንዲማሩ ነበር፤ ስሙንም የሕፃናት የአትክልት ቦታ አለው። የእኛ «አጸደ ሕፃናት» የሚለው ቃል ይህንኑ ይናገራል። ዛሬ በሰው አፍ «ኬጂ» ብቻ ሆኖ መቅረቱ ያሳዝናል። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት የመደበው ፊደል ለማስቆጠር ብቻ አይደለም። ጎረቤታችን ከሁለቱ ዓመት አንዱ አምልጦት ስለነበር፣ የቀረው ነሐሴና አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች ብቻ ነበሩ።

ሥራው ለየሰው ተከፋፈለ። እናትየው ቁልፉንና ምሳ ዕቃውን ያዘች። እኛ መንገዱን ተሰጠን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ልጁን ይዘን እስከ ትምህርት ቤቱ በር ደርሰን እንመለስ ጀመር። መኪና መንገድ ስናቋርጥ እጃችንን ጭምቅ አድርጎ የሚይዘው ልጅ በጳጉሜን «ቆይ፣ መኪና አለ» እያለ እኛን ይመክር ገባ። ሽማግሌው የደረሳቸው ዕጣ ግን ከባድ ነው፤ ግማሽ ቀን ከቤት እንዲጠፉ ተጠየቁ። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ሲያለቅስ ሕንፃው ሁሉ ሰማ። በሁለተኛው ቀን ትንሽ አለቀሰ። በሦስተኛው ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲያሳድድ ዋለና ያኮረፉት አያትየው ሆኑ።

ከዚያ በኋላ በኮሪደሩ ላይ ክፍል ተከፈተ። የሕንፃው ልጆች ስድስት ሆነው በሰሌን ላይ ተቀመጡ፤ ሽማግሌው በርጩማቸው ላይ ተሰየሙ። መልስ የሚያውቅ እጁን ያወጣል፤ ያልተጠራ አይናገርም። የእኛ ልጅ በመጀመሪያ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልስ ነበር። ሲገሠጽ አፉን በሁለት እጁ ይይዛል። አንዲት ትንሽ ልጅ «በ»ን ለማስታወስ ስትጨነቅ ግን ዝም ብሎ ማየት ያቃታቸው ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው፤ «በ በያት እንጂ!» ብለው ጮኹ። አስተማሪዋ ከደረጃው ላይ ሆና «አባባ፣ እጅዎን ያውጡ» አለቻቸው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳናነሣ ማለፍ አንፈልግም። በዚያ ሰሞን ልጁ ባጠፋ ቁጥር አንዲት የቤተሰቡ ዘመድ «ቆይ! ትምህርት ቤት ስትገባ በዱላ ያቀኑሃል» ትለው ነበር። በየቤቱ የሚነገር ነገር ነው። አንድን ልጅ ወር ሙሉ በአስተማሪ ካስፈራሩት በኋላ በመስከረም ያንኑ አስተማሪ እንዲወድ መጠበቅ እንዴት ይሆናል? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤቶች ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ይህን ለዘመዲቱ ብንነግራት ሳቀችብን፤ አባባሏን ግን ተወች።

መስከረም ጠባ። በትምህርት መክፈቻው ቀን እናትየው ሥራ መግባት ስለነበረባት፣ እኛ ከአለቃችን ሁለት ሰዓት አስፈቅደን ልጁን ወሰድነው። አንባቢያችን የቤቱ ታላቅ ከሆኑ ይህ ዕጣ አንድ ቀን ይደርስዎታልና፣ አስተማሪዋ ያስጠነቀቀችንን እንንገርዎ፤ ልጁን አዘናግቶ መጥፋት አይገባም። የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሰዓት ነግረነው፣ ስመነው ወጣን። አላለቀሰም። እኛ ግን እግራችን አልሄድ ብሎ በመስኮቱ አጠገብ ቆምን።

ስም መጥራት ተጀመረ። የተጠራው ሁሉ «አቤት» ይላል። የእኛ ልጅ ስም ተጠራ። ዝም። ሁለተኛ ተጠራ። ልጁ ፊት ወንበር ላይ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ፣ ይህ አቤት የማይለው ሰነፍ ማን ነው በሚል ዐይን ወደኋላ ይመለከታል። አስተማሪዋ ቀሪ ልትለው ብዕሯን አነሣች። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባን። ከተወለደ ጀምሮ በቤቱ፣ በኮሪደሩ፣ በሕንፃው ሁሉ «ማሙሽ» እንጂ ሌላ ተብሎ አያውቅም። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ያስቆጠርነውን፣ ሱሪ መቆለፍና መንገድ ማቋረጥ ያስተማርነውን ልጅ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የራሱ መሆኑን የነገረው ሰው አልነበረም። «እሱ ነው!» ብለን በመስኮቱ ጮኽን፤ አርባው ሕፃን ዞሮ እኛን አየን።

በዘጠኝ ሰዓት ሽማግሌው በደረጃው አፍ ቆመው ይጠብቁን ነበር።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?»

«ሀ።»

«ከዚያስ?»

«ሀ ብቻ።»

የሽማግሌው ፊት ተለወጠ። «አንተ አውቃታለሁ አላልካቸውም?»

«እጄን አወጣሁ። ሌላ ልጅ ተጠራ።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ጠበቅሁ» አለና ምሳ ዕቃውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን አሳያቸው።

ማታ የስሙን ነገር ነገርናቸው። ሽማግሌው ብዙ ዝም ካሉ በኋላ ወረቀት አስመጥተው፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ሦስት ቃል ጻፉ፤ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም። ስንደዷቸውን አንሥተው ከመጀመሪያው ጠቆሙ። ልጁ አንደኛውን አነበበ። ሁለተኛውንም አነበበ። ሦስተኛውን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ «ይኼኛውስ የማን ነው?» ሲል ጠየቃቸው። እሳቸውንም «አባባ» ከማለት በቀር በሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው በዚያ ቤት አልነበረምና።

«የኔ ነው» አሉት፤ ስንደዶውንም ወደ አንደኛው ቃል መለሱ።