ትንሿ ራዲዮ በታላቁ ውቅያኖስ

አማተር ራዲዮ ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀት ፍቅር ሲባል በፈቃድ የሚካሄድ የራዲዮ ግንኙነት ነው። ከጀብዱ ጉዞ ጋር ሲጣመር ምን እንደሚያስገኝ ለመረዳት የኮን ቲኪን ጉዞ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በ1947 ቶር ሄየርዳልና አምስት ጓደኞቹ ከፔሩ ተነሥተው፣ በገመድ በታሰሩ የበልሳ ግንዶች ላይ ለ101 ቀናት በሰላማዊ ውቅያኖስ ተጓዙ። የራዲዮ ማሠራጫቸው ኃይል ወደ 6 ዋት ብቻ ነበር። ሆኖም በአሜሪካ ያሉ አማተሮች የአየር ጠባይ ዘገባቸውን ይቀበሏቸው ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? አጭር ሞገድ ወደ ላይ ሲወጣ አዮኖስፌር የተባለው የከባቢ አየር ክፍል አጥፎ ወደ ምድር ይመልሰዋል፤ በዚህም ምክንያት ከአድማስ ባሻገር ይደርሳል።

በመጨረሻ በራሮያ ደሴት አጠገብ ከኮራል ዐለት ጋር ተላተሙ፤ ራዲዮውም በባሕር ውኃ ራሰ። አስቀድመው በራሮቶንጋ ደሴት ለሚገኝ አማተር፣ ለ36 ሰዓት ድምፃቸው ከጠፋ ለኤምባሲያቸው እንዲነገር አሳስበው ነበር። ክኑት ሃውግላንድና ቶርስታይን ሮቢ መሣሪያውን አድርቀው ጠገኑት፤ ጊዜው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረውም ደኅና መሆናቸውን አስታወቁ።

ስለ ሞገድ ስናስተምር ይህን ታሪክ ብንጨምርበት፣ ተማሪዎቻችን ከመሣሪያው ጉልበት ይልቅ የባለሙያው ዕውቀት እንደሚበልጥ ይገነዘባሉ።