«ስም አልጠራሁም» ማለት ያድናልን?



ሰው የሌላውን ገመና አውርቶ ሲያበቃ ራሱን ነፃ የሚያወጣባት አንዲት አባባል አለች፤ «እኔ ስም አልጠራሁም» የምትል። እንደ አርብ ገበያችን ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ከተማ ግን «አንዲት ሴት ነበረች፤ ባሏ ነጋዴ ነው» ተብሎ ሲጀመር፣ ቡናው ቶና ሳይደርስ ሴትየዋ ትታወቃለች። ይህችው አባባል ዛሬ ማታ ማታ ከቤተሰብ ጋር በምናያቸው ድራማዎችም ውስጥ አለች። ታሪኩ ከእውነተኛ ሕይወት ይወሰዳል፤ ስሙ ይለወጣል፤ ገመናው ግን ያው ነው።

የምሥጢር ዋጋ

ትሩማን ካፖቴ የተባለው ስመ ጥር አሜሪካዊ ደራሲ የኒውዮርክ ባለጸጋ ሴቶች የቅርብ ወዳጅ ነበር። ማዕዳቸውን አቀረቡለት፤ ምሥጢራቸውንም አዋዩት። ከሁሉ ይበልጥ የምትቀርበው የሲ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን ኃላፊ ባለቤት የነበረችው ቤብ ፔሊ ነበረች። እርሱ ግን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1975 ሰዎቹን በሌላ ስም ሸፍኖ፣ ገመናቸውን ኤስኳየር በተባለ መጽሔት ላይ አወጣው። ሽፋኑ አንድ ቀን እንኳ አላገለገለም፤ አንባቢው ማን ማን እንደሆነ ወዲያው ለየ። ቤብ ፔሊ እ.ኤ.አ. በ1978 እስክትሞት ድረስ ፊት ነሳችው። ከሌሎቹም ብዙዎቹ ደጃቸውን ዘጉበት። ካፖቴም መጽሐፉን ሳይጨርስ እ.ኤ.አ. በ1984 ሞተ።

እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ይኸው ታሪክ በ8 ክፍል ተከታታይ ድራማ ሆኖ በአሜሪካ ቀረበ። አሁን ስሙም አልተለወጠም። መልስ መስጠት የማይችሉ ሙታን፣ ሌላ ሰው የጻፈላቸውን ቃል ይናገራሉ። ተመልካቹስ የሆነውን ከተፈጠረው በምን ይለየዋል?

በአገራችንስ?

«ድፍረት» የተሰኘው ፊልም በጠለፋ ተወስዳ፣ ራሷን ለመከላከል ጠላፊዋን የገደለች፣ ፍርድ ቤትም በነፃ ያሰናበታት የአንዲት ታዳጊ ልጅ እውነተኛ ታሪክ ነው። በፊልሙ ስሟ «ሂሩት» ተብሏል። ሆኖም በነሐሴ 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በብሔራዊ ቴአትር ሊታይ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ሰዓት በፍርድ ቤት እገዳ ቆመ። የታሪኩ ባለቤት ያለ ፈቃዷ መሠራቱን ተቃውማ ነበር። በኋላ እገዳው ተነሥቶ ፊልሙ ታይቷል።

እዚህ ላይ ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። ጠለፋ በደል ነው፤ በደልን መግለጥ ምሥጢር ማውጣት አይደለም። የተበደለ ሰው አቤት ማለቱ ሐሜት እንዳልሆነ ዑለማዎችም አስተምረዋል። ካፖቴ ግን ያወጣው በአማና የተሰጠውን ነው። ይሁንና ዓላማው መልካም በሆነበትም ጊዜ ባለታሪኳ «እኔስ ተጠይቄአለሁ?» ማለቷ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቁስሉ የእርሷ ነውና።

እኛስ ምን እናድርግ?

ድራማውን ስናይ ልጆቻችንን «ይህ የሆነ ነው ወይስ የተፈጠረ?» ብለን እንጠይቃቸው፤ በድራማ ባዩት ብቻ በሰው ላይ እንዳይፈርዱ እናስተምራቸው። ከሁሉ በፊት ግን በየቤታችን፣ «ስም አልጠራም እንጂ...» ብለን ከመጀመራችን በፊት፣ ያቺ ሴት ከጓዳ ሆና ብትሰማን ንግግራችንን እንቀጥል ነበር ወይ ብለን ራሳችንን እንጠይቅ። የማንቀጥል ከሆነ፣ ስም አለመጥራታችን ለእኛ መሸሸጊያ ሆነ እንጂ ለእርሷ መጋረጃ አልሆናትም።

ወላሁ አዕለም።